መድን የለንም፤ ውጤቱ ካንሰር ሆነ፤ ከየት እንጀምር?

ታናሽ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ ጡቷ ውስጥ እብጠት ዳስሳ ወደ ሐኪም ሄደች፤ ናሙና ተወሰደላት፤ ውጤቱ ካንሰር ነው ተባለ። ዕድሜዋ ገና አርባ አልሞላም፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት።

የጤና መድን የላትም። በግሏ የምትሠራ ስለሆነች መድን የሚገባላት አሠሪ የለም፤ በራሷ ልግባ ባለች ቁጥር ደግሞ የሚቀድም ወጪ ይመጣ ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት፣ ከዚያም ኬሞቴራፒና ጨረር ሊከተል እንደሚችል ነግሮናል። ከሒሳብ ክፍል የተሰጠን ግምት ዘመድ አዝማድ ቢሰበሰብ እንኳን የማይሞላው ነው። ወንድማችን በዚህ ሳምንት ቤቱን እንሽጥ ይላል። እናታችን መልስ አትሰጥም። እህቴ ደግሞ «የልጆቼን መጠለያ አታጥፉብኝ፤ እኔ ይቅርብኝ» ትላለች።

በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ምክሩን እለምናለሁ። አሁን መድን ብንገባ ይረዳናል? ስለ ቤቱስ ምን ትላላችሁ? ለሰኞው ቀጠሮ ሐኪሙን ምን ብለን እንጠይቀው?


የሌሊት ተረኛ፦

አይዞሽ እህቴ። በካንሰር ክፍል ለረጅም ጊዜ የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪሟን ልተካ አልችልም፤ ነገር ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ ያለበትን ልንገርሽ።

«ካንሰር ነው» የሚለው ውጤት ገና ግማሹ ነው። ከዚያው ከተወሰደው ናሙና ላይ ሦስት ነገሮች መመርመር አለባቸው፦ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ (ሁለቱ የሴት ሆርሞኖች ናቸው) እና ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን። ሰኞ መጀመሪያ የምትጠይቁት እነዚህ ተሠርተዋል ወይ ብላችሁ ይሁን። ካልተሠሩ ይሠሩ። መድን የሌላቸው ቤተሰቦች ወጪ ለመቀነስ ብለው ይህን ምርመራ ሲዘሉት አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በግምት ይወጣል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ከአሥር የጡት ካንሰር ሕሙማን በግምት ሰባቱ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ዓይነት ነው ያለባቸው፤ በወጣት ሴቶች ላይ መጠኑ ዝቅ ይላል። ለእነዚህ ዋናው የረጅም ጊዜ መድኃኒት ታሞክሲፊን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ በአፍ የሚዋጥ፣ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ የቆየ፣ ብዙ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት እንክብል ነው። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይወሰዳል። አምስት ዓመት ሙሉ የወሰዱት ላይ በበሽታው የመሞት አደጋን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ርካሽ ስለሆነ ደካማ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም።

ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ደግሞ ኸር-2 ያለው ዓይነት ነው ያለባቸው። ለዚህ የሚሰጠው ትራስቱዙማብ ውድ ነው። ሦስቱም ከሌሉ የሕክምናው ዋና መሣሪያ ኬሞቴራፒ ይሆናል። እንግዲህ የሒሳብ ክፍሉ የሰጣችሁ ግምት ለየትኛው ዓይነት ነው? ይህ ሳይታወቅ ቤት ለመሸጥ መነሣት አይገባም።

ስለ ጊዜው፦ ከውጤት እስከ ቀዶ ሕክምና የሚያልፉ ጥቂት ሳምንታት በአብዛኛው ጉዳት አያመጡም። ወራት ግን ያመጣሉ። ለማሰብ ጊዜ አላችሁ፤ ለመተው ግን የላችሁም።


የሒሳብ ሰው፦

በሕክምና ተቋም የክፍያ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ነርሷ እህታችን የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ በገንዘቡ በኩል ልጨምር።

የተሰጣችሁ ግምት ጥቅል ነው። በጥቅል አትደራደሩበት፤ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው ለብቻ፣ የአልጋው ለብቻ፣ የማደንዘዣው ለብቻ፣ መድኃኒቱ ለብቻ፣ ምርመራው ለብቻ ይውጣ። ዝርዝሩ ሲወጣ ሁለት ነገር ይታያል፤ ሁሉም ዛሬ የሚከፈል አለመሆኑ፣ እና አንዳንዱ ከሌላ ቦታ በአነስተኛ ዋጋ ሊገኝ መቻሉ። መድኃኒት ከራሳችሁ ገዝታችሁ ማምጣት ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቁ።

ከዚያ ሐኪሙን በእያንዳንዱ ምርመራ ላይ «የዚህ ውጤት ሕክምናዋን ይለውጠዋል?» በሉት። ይህ ድፍረት አይደለም። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር፣ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለና የመሠራጨት አደጋው ዝቅተኛ ለሆነ የጡት ካንሰር የፔት፣ የሲቲ እና የአጥንት ስካን ምርመራዎች እንደ ልማድ እንዳይታዘዙ ብሏል። ምልክት ካላት ወይም ዕጢው ከገፋ ነገሩ ይለያል፤ እርሱን ሐኪሙ ይወስናል። እናንተ ግን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ብዙ ሆስፒታሎች የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አላቸው። የክፍያ ቅናሽ፣ የነጻ ሕክምና ማስረጃ፣ የበጎ አድራጎት ድጋፍ፣ የመድኃኒት አምራቾች የዕርዳታ መርሐ ግብር ባለበት የሚታወቀው እዚያ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ዕዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እናንተ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ በፊት ሂዱ። የገቢ ማስረጃ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጅ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

በመጨረሻም፣ ሳታነቡ ዋስ ሆናችሁ አትፈርሙ። ቃል የተገባ ቅናሽ ሁሉ በወረቀት ላይ ይስፈር። በከፍተኛ ወለድ ከግለሰብ መበደርን ደግሞ ከቤት መሸጥ በኋላ አስቡት እንጂ በፊት አታስቡት።


ልበ ሙሉ፦

ለምን ታስጨንቋታላችሁ? ዛሬውኑ መድን ግቡ፤ ሕመሙን አትጥቀሱ። ከሁለት ወር በኋላ እንደታመመች አድርጋችሁ ታቀርቡታላችሁ። ብዙ ሰው ያደርገዋል።


የሒሳብ ሰው፦

ወንድሜ፣ ይህ ምክር ቤተሰቡን ይጎዳል። ናሙናው የተመረመረበት ቀን በፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ ታትሟል። መድን ሰጪው ትልቅ ክፍያ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያየው የሕክምና መዝገቡን ነው። አስፈላጊ እውነት ተደብቆ የተፈረመ የመድን ውል ሊፈርስ ይችላል፤ በማጭበርበርም ሊያስከስስ ይችላል። የከፈሉት አረቦን ሄዶ፣ ሕክምናው በመካከል ተቋርጦ፣ በዚያ ላይ ክስ ይመጣል።

በሐቅ መግባት የሚቻልበት መንገድ ካለ ግን እርሱን ፈልጉ። የግል መድን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የነበረ ሕመምን አይሸፍንም፣ ወይም የመጠበቂያ ጊዜ ያስቀምጣል። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አብዛኞቹ የጤና መድን ሰጪዎች በነባር ሕመም ምክንያት ሰውን እንዳይከለክሉ በሕግ ታግደዋል፤ ምዝገባው ግን በዓመት ውስጥ የተወሰነ ጊዜ አለው። በመንግሥት ወይም በማኅበረሰብ ደረጃ የተቋቋመ መድን ካለ ሕመምን ሳይጠይቅ ሊቀበል ይችላል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ነባር ሕመም ይሸፍናል ወይ? የመጠበቂያ ጊዜው ስንት ነው? የካንሰር መድኃኒት በዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአልጋ ወጪ ሸፍኖ መድኃኒቱን የማይሸፍን ውል አለ።


ሕክምና ላይ ያለሁ፦

የምጽፈው ስለ ገንዘብ አይደለም። «እኔ ይቅርብኝ» ስላለችው እህት ነው።

እኔም ያለ መድን ነው የታመምኩት። ቤተሰቦቼ ስለ እኔ የሚነጋገሩት በሌላ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግተው ነበር። ስለ ምን እንደሚያወሩ አውቅ ነበር። ማን ስንት እንደሚያዋጣ፣ ማን እንደማይችል፣ ማን እንደተቆጣ ከድምፃቸው እለየው ነበር። ምግብ ሲያቀርቡልኝ ዓይናቸው ያስታውቅ ነበር። ሰው በዚያ ሰዓት የሚያስበው ስለ ሞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሚወዳቸው ሰዎች ሸክም ሆኖ መታየት ከሕመሙ በላይ ያደክማል። «ይቅርብኝ» የሚለው ቃል ከዚያ ነው የሚወጣው። ለመሞት የፈለገ ሰው ቃል አይደለም።

ስለዚህ በሩን ክፈቱት። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፤ እርሷም ትቀመጥ። ምን ያህል እንዳላችሁ፣ ምን ያህል እንደሚጎድል ትስማ። የሚያስፈራት የማታውቀው ቁጥር ነው፤ የሚታወቀውን ትችለዋለች። ከእርሷ በኩል ደግሞ አንድ ነገር ጠይቋት፦ «ሐኪሙ ሊድን ይችላል ካለ ትታከሚያለሽ?» ብላችሁ። መልሷን እስከ መጨረሻው ስሟት። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሕክምናው የእኔ የሆነው።

ልጆቿም ይነገራቸው፤ በዕድሜያቸው ልክ። ልጅ ያልተነገረውን ነገር በራሱ ጥፋት የመጣ አድርጎ ያስባል።


ሥራ ስር፦

በእግዚአብሔር ስም ልምከራችሁ። ቢላዋ ከነካው ይሠራጫል። የአክስቴን ጎረቤት ያዳኑ የቅጠል አዋቂ አሉ፤ ዋጋቸውም ከሆስፒታሉ ሩቡን አይሆንም። አድራሻቸውን በግል ልላክላችሁ።


የሌሊት ተረኛ፦

በቅን ልብ እንደጻፍክ አምናለሁ፤ ዝም ብዬ ላልፈው ግን አልችልም። ናሙና መወሰዱም ሆነ ቀዶ ሕክምናው ካንሰሩን ያሠራጫል የሚለው ፍርሃት ብዙ ሴቶችን አዘግይቶ ገድሏል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው መደበኛውን ሕክምና ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የቆዩ ሰዎች በሞት የመቀጠፍ አደጋቸው ሁለት ዕጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኝቷል። በጡት ካንሰር ላይ ከአምስት ዕጥፍ በላይ ነበር።

መድን የሌለው ሰው እንዲህ ላለው ነገር ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ዋጋው ስለሚያንስ። ታናሽ እህት፣ ሰዎች በዚህ ሳምንት ቅጠልም፣ ዱቄትም፣ ጠብታም ያመጡላችኋል። አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ለሐኪሙ ሳይነገር ግን እንዳትወስድ። አንዳንዱ ዕፅ የኬሞቴራፒን እና የታሞክሲፊንን አሠራር ያዛባል።


ቆራጥ፦

ሁላችሁም ዝርዝር ደረሰኝ፣ ማስረጃ፣ ቅናሽ ትላላችሁ። ሰው ስለታመመ ለምን ቤቱን ይሸጣል? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ሰዎች ከኪሳቸው በሚከፍሉት የሕክምና ወጪ ምክንያት ለገንዘብ ችግር ተጋልጠዋል። ጀርመን በ1883 ለሠራተኞቿ የጤና መድን ሕግ አወጣች። ብሪታንያ በ1948፣ ገና ከጦርነት ፍርስራሽ ሳትወጣ፣ ለሁሉም ነጻ ሕክምና ጀመረች። ታይላንድ በ2002 መድን ላልነበራቸው ሁሉ ሽፋን ስትዘረጋ ሀብታም አገር አልነበረችም። ይህ የሚቻል ነገር ነው። የሚያስቆጣኝም የሚቻል መሆኑ ነው።


የሒሳብ ሰው፦

ቁጣህን እጋራዋለሁ ወንድሜ። በዚያ መስኮት ተቀምጬ የሰው ፊት ሲለወጥ ያየሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ በዚህ ቤት የሚጠበቀው የሰኞው ቀጠሮ ነው።


ቆራጥ፦

ተቀብያለሁ። እንግዲያው ለሰኞው የሚረዳ ልናገር። የመንግሥት ድጋፍ ባለበት ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ገቢ ነው። እህትሽ ሕክምና ስትጀምር ሥራዋ ይቀንሳል ወይም ይቆማል፤ ገቢዋም እንዲሁ። ዛሬ «አይመለከትሽም» የተባለችበት ድጋፍ ገቢዋ ሲወርድ ሊመለከታት ይችላል። እንደገና ታመልክት። የመጀመሪያውን እምቢታ በጽሑፍ ተቀበሉና ቅሬታ የሚቀርብበትን ቀነ ገደብ አንብቡ። በቃል ተነግሯቸው ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።


የአባቱ ልጅ፦

ቤት ስለመሸጥ ከእኛ ቤት የሆነውን ልናገር። አባታችን ሲታመም በመጀመሪያው ወር ሸጥን። ችኩል ሻጭ መሆናችንን ገዢው አወቀ፤ ከዋጋው በታች ሄደ። ገንዘቡ በምርመራና በግል ክፍል አልጋ ላይ አለቀ፤ ጨረሩ ላይ ስንደርስ የቀረ አልነበረም። አልሽጡ አልልም። የሰው ሕይወት ከቤት ይበልጣል። ግን ምን እንደምትገዙበት ስታውቁ ሽጡ፤ ከመሸጥ በፊት ማከራየት፣ ከፊሉን መሸጥ ወይም በባንክ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ እዩ።

የአባታችን በሽታ የሚድን አልነበረም። ይህን ቀጥ ብለን አልጠየቅንም፤ ማንም ቀጥ ብሎ አልነገረንም። እናንተ «የሕክምናው ዓላማ መፈወስ ነው ወይስ ዕድሜ ማራዘም?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ምንም ቢሆን ሕመም መታገሥ የለባትም። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን የቆየና ለማምረት ውድ ያልሆነ መድኃኒት ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ገንዘብ ያለቀበት ቤተሰብም ይህን መጠየቅ ይችላል።


አደራ ጠባቂ፦

ገንዘብ ማሰባሰብ ከጀመራችሁ፦ ሂሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። የሕክምና ወረቀቷን ሙሉ ስሟና የመዝገብ ቁጥሯ እየታየ አታሠራጩ፤ አንዴ የወጣ አይመለስም፣ ልጆቿም አድገው ያዩታል። ፎቶዋ እንዲወጣ ፈቃዷን ጠይቁ። «እርዱን» ከማለት ይልቅ «ለቀዶ ሕክምናው ይህን ያህል ይጎድለናል» ማለት ይሻላል፤ ሰጪው የሚሰጠው የት እንደሚደርስ ያያል፤ ለቀጣዩ ደረጃም እንደገና መጠየቅ ይቻላል።


ታናሽ እህት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከቀጠሮው ተመልሰናል።

ምርመራዎቹ ተሠርተው ነበር፤ ያልጠየቅነው እኛ ስለነበርን ማንም አልነገረንም። የኤስትሮጅንም የፕሮጄስትሮንም ተቀባይ አለው። ኸር-2 የለውም። ዕጢው ትንሽ ነው፤ በብብቷ ውስጥ የታየ ነገር የለም። ሐኪሙ ዓላማው መፈወስ ነው አለን፤ እህቴ ራሷ ናት የጠየቀችው። ጡቱ ሳይወገድ ዕጢው ብቻ ይወጣል፣ ከዚያ ጨረር፣ ከዚያ ታሞክሲፊን። ኬሞቴራፒ ያስፈልግ እንደሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይወሰናል። ታዝዘው ከነበሩት ስካኖች ሁለቱን ሐኪሙ ራሱ ሰረዛቸው። ዝርዝሩ ሲወጣ ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው ገንዘብ ተዋጥቶ ሊሞላ የሚችል ሆነ። ወንድማችን የቤት ደላላውን «ቆይ» ብሎታል። የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍሉ ማመልከቻ ተቀብሎናል፤ መልስ ገና ነው።

የቀረው ጨረሩ ነው። የሚከፈለው በየቀኑ ነው፤ ለ25 ቀናት ተብለናል፤ ማሽኑ ያለበትም ሩቅ ነው፤ ማደሪያም ያስፈልጋል።


የሌሊት ተረኛ፦

እግዚአብሔር ይመስገን። «የጠየቀችው እርሷ ናት» የሚለውን ሁለቴ አነበብኩት።

ስለ ጨረሩ፦ 25 ጊዜ የቀድሞው የተለመደ አሰጣጥ ነው። በየቀኑ የሚሰጠውን መጠን ትንሽ ከፍ አድርጎ በ15 ጊዜ፣ በሦስት ሳምንት መጨረስ እኩል ውጤት እንዳለው ከተረጋገጠ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ በአምስት ጊዜ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተሰጠው ዕጢው እንዳይመለስ በማድረግ ከ15ቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ለሁሉም አይሆንም፤ የማሽኑ ዓይነትና የዕጢው ሁኔታ ይወስናል። «አጭሩ አሰጣጥ ለእርሷ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ የጨረር ሐኪሙን ጠይቁ። 25ን ወደ 15 ማውረድ ለእናንተ የማደሪያም፣ የመንገድም፣ ከልጆቿ የምትለይበትም ጊዜ ነው።

ታሞክሲፊኑን ስትገዙ ጀነሪክ (ከመጀመሪያው አምራች ውጭ የተሠራ ተመሳሳይ መድኃኒት) ከሆነ አትፍሩ፤ የሚሠራው ንጥረ ነገር ያው ነው። ግን ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ ከነማሸጊያው፣ የምርት ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያው እየታየ ግዙ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከአሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው።


አዲስ አባል፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። የእናቴ ውጤት ላይ ኸር-2 «2+» ይላል። ውዱን መድኃኒት አዘዙላት፤ መድን የለንም፤ ገንዘቡን ለመበደር ነገ ልሄድ ነው።


የሌሊት ተረኛ፦

ወንድሜ፣ ነገ አትሂድ። 0 እና 1+ ከሆነ ኸር-2 የለም ማለት ነው፤ 3+ ከሆነ አለ ማለት ነው። 2+ አልተለየም ማለት ነው። መድኃኒቱ ከመገዛቱ በፊት ፊሽ የሚባለው ተጨማሪ ምርመራ ተሠርቶ መለየት አለበት፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በመጨረሻ ኸር-2 የሌለው ሆነው ይገኛሉ። መድኃኒቱ ለእርሷ የማይሠራ ሊሆን ይችላል።

አለ ከተባለ ደግሞ ባዮሲሚላር የሚባሉትን ጠይቅ፤ ከመጀመሪያው አምራች ውጭ የተሠሩ፣ ተመሳሳይነታቸው የተረጋገጠ፣ በዋጋ የሚያንሱ ናቸው። የተለመደው የሕክምና ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ለስድስት ወር መስጠት በውጤቱ ከአንድ ዓመቱ እንደማያንስ ቢያሳይም አንድ የፈረንሳይ ጥናት ይህን አላረጋገጠም፤ ስለዚህ ዓመቱን መክፈል ካልቻላችሁ በመካከል ዝም ብላችሁ ከማቋረጥ ይልቅ ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ንገሩት።

ለፊሽ ምርመራው እናትህን እንደገና መውጋት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ናሙናዋ በሰም ተይዞ ላቦራቶሪው ውስጥ ይቀመጣል። ምርመራው እዚያ ካልተሠራ በሰም የተያዘውን ናሙና (ብሎኩን) በፊርማ ተቀብለህ ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ውሰደው፤ ሲመለስም ተረከበው።